«ምንም የለብሽም»

ለዚህ ምዕራፍ እንድታግዘን አንዲት ወጣት በሐሳባችን እንሣል። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ትኖራለች። አንድ ሳምንት ሙሉ ራሷን ሲከፍላት ሰነበተ። በሰባተኛው ቀን ማለዳ ከመደብ ልትነሣ ስትል ግራ እግሯ አልከተላት አለ። ብትቆነጥጠው ብዙም አይሰማትም፤ የሌላ ሰው እግር ተቀጥሎባት ይመስል ከበዳት። ወንድሟ አዝሎ ጤና ጣቢያ አደረሳት። ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈላት፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ላካት። ለኤምአርአይ የሚከፈለውን ገንዘብ ለማግኘት እናቷ ጊደር ሸጡ። ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና ፊቱ ፈካ። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ጭንቅላትሽም አከርካሪሽም ንጹሕ ነው። ምንም የለብሽም።»

ሐኪሙ የምሥራች መናገሩ ነበር። እናት ግን የሰሙት ልጃቸውን የያዛት ነገር ሐኪም የማይደርስበት መሆኑን ነው፤ በልባቸው የጠበሉን መንገድ ማስላት ጀመሩ። ወንድሟ ዝም አለ። ያን ሁሉ መንገድ አዝሏት መጥቶ «ምንም የለባትም» ሲባል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እህቱን በጥርጣሬ አያት። እሷም አስተያየቱን አየችው። እግሯ አሁንም አልተንቀሳቀሰም።

ወጣቷ የፈጠርኳት ምሳሌ ናት። ሕመሟ ግን ፈጠራ አይደለም። በእንግሊዝኛ ፋንክሽናል ኒውሮሎጂካል ዲስኦርደር፣ ባጭሩ ኤፍ ኤን ዲ ይባላል፤ እኔ በዚህ መጽሐፍ «የነርቭ አሠራር መታወክ» እለዋለሁ። የድሮዎቹ መጻሕፍት «ሂስቴሪያ» ይሉት ነበር፤ ቀጥሎ «ኮንቨርዥን» ተባለ። እግር ወይም እጅ ይሰንፋል፤ ወይም ይንቀጠቀጣል፤ አረማመድ ይበላሻል፤ ድምፅ ይጠፋል፤ የዓይን ብርሃን ይሄዳል፤ ወይም ሰውየው የሚጥል በሽታ እንዳለበት ሰው ወድቆ ይንዘፈዘፋል። ታማሚው እያስመሰለ አይደለም። እንቅስቃሴው ከፈቃዱ ውጭ ነው፤ ስቃዩም እውነተኛ ነው።

ክራር የሚጫወት ሰው ይህ ነገር ቶሎ ይገባዋል። እንጨቱ አልተሰነጠቀም፤ ቆዳው አልተቀደደም፤ አንድም ክር አልተበጠሰም፤ ቅኝቱ ግን ተበላሽቷል። ፎቶ ብታነሡት ስብራት አይገኝበትም። ኤምአርአይም የክራሩን ፎቶ ነው የሚያነሣው። ቅኝቱን ለማወቅ ክሩን መምታትና ማዳመጥ ያስፈልጋል። የዚህ ምዕራፍ ነገር በሙሉ ከዚህ ይነሣል፦ ሐኪሞቻችን ክራሩን ፎቶ ማንሣት ተምረዋል፤ ክሩን መምታት ግን በበቂ አልተማሩም።

ሕመሙ ብርቅ ቢሆን ኖሮ ይህ ባላሳሰበ። በስኮትላንድ 3781 ወደ ነርቭ ሐኪሞች የተላኩ አዲስ ታካሚዎችን የመዘገበ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው ውጤት፣ ራስ ምታት 19 በመቶ ይዞ አንደኛ ሲሆን፣ ከአሠራርና ከሥነ ልቦና ጋር የተያያዙ ምልክቶች 16 በመቶ ይዘው ሁለተኛ ሆነዋል። የሚጥል በሽታና ፓርኪንሰን ከኋላ ናቸው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በየቀኑ በር የሚያንኳኳ ሕመም፣ በትምህርት ክፍል ውስጥ ግን ጥግ የተሰጠው ሕመም ነው።

* * *

በየትኛውም የሕክምና ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው የእግር መዳፍ መጫርን ያውቃል። የውስጥ እግር በደነዝ ነገር ከተረከዝ ወደ ጣቶቹ ሲጫር፣ የጤነኛ አዋቂ ጣቶች ወደ ታች ይታጠፋሉ፤ ከአንጎል ወደ አከርካሪ የሚወርደው የነርቭ መስመር የተጎዳበት ሰው ግን አውራ ጣቱ ወደ ላይ ይነሣል። ይህን ምልክት በ1896 በፓሪስ ያስተዋወቀው ጆሴፍ ባቢንስኪ ነው። ብዙ ተማሪ የማይነገረው ነገር፣ ባቢንስኪን በዘመኑ አጥብቆ ያስጨነቀው ጥያቄ ይኸው የእኛ ጥያቄ መሆኑ ነው፦ በጉዳት የሰነፈን አካል «ሂስቴሪያ» ይባል ከነበረው ስንፈት በምን እንለያለን? ተማሪው መልሱን ግማሽ ብቻ ተማረ። ጉዳት መኖሩን የሚያሳየው ምልክት በመላው ዓለም ተሰራጨ።

ሌላው ግማሽ የመጣው ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ1908 ቻርልስ ፍራንክሊን ሁቨር የተባለ የአሜሪካዋ የክሊቭላንድ ከተማ ሐኪም አንድ ቀላል ነገር አስተውሎ ጻፈ። በጀርባችሁ ተኝታችሁ ቀኝ እግራችሁን ወደ ላይ ብታነሡ፣ ግራው ሳታዙት ተረከዙን ወደ መኝታው ይጫናል። ሁለቱ እግሮች ከሕፃንነት ጀምሮ አብረው ሲራመዱ ስለኖሩ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይደግፋል። አሁን ያችን ወጣት እናስባት። ሐኪሙ እጁን ከደካማው ግራ እግሯ ተረከዝ ሥር ያገባና «እጄን ወደ ታች ተጫኚው» ይላታል። ትሞክራለች፤ ኃይል የለም። ቀጥሎ «አሁን ግራውን ተይው፤ ቀኝ እግርሽን ብቻ አስቢና አንሺው» ይልና ቀኙን በሌላ እጁ ወደ ታች ይይዘዋል። እሷ ቀኙን ለማንሣት ስትታገል፣ ጠፍቶ የነበረው የግራ እግር ኃይል ተመልሶ የሐኪሙን እጅ ይጫናል።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከአንጎል እስከ እግር ያለው መስመር አልተቆረጠም ማለት ነው። ኃይሉ አለ፤ ወደ እሱ የሚወስደው የፈቃድ መንገድ ነው የተዘጋው። ትኩረት ወደ እግሩ ሲዞር ይጠፋል፤ ትኩረት ሌላ ቦታ ሲሄድ ይመለሳል። ለሚንቀጠቀጥ እጅም ተመሳሳይ ምርመራ አለ፦ ታማሚው በጤነኛ እጁ ሐኪሙ የሚያሳየውን ምት እየተከተለ ጣቱን እንዲመታ ሲጠየቅ፣ የሌላው እጅ መንቀጥቀጥ ይቆማል ወይም ምቱን ተቀብሎ ይከተላል። ለዚህ ሁሉ መብራት አያስፈልግም፤ ፊልም አያስፈልግም፤ ጊደር አይሸጥም። ሁለት እጅ፣ አንድ አልጋና የሠለጠነ ዓይን ይበቃል። እርግጥ አንድ ምልክት ብቻውን አይፈርድም። ዳሌ ሲያም ወይም ታማሚው አንዱን የአካሉን ጎን መገንዘብ ሲያቅተው የሁቨር ምልክት ሊያሳስት ይችላል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ሙሉውን ታሪክና ሌሎቹን ምልክቶች ደምሮ ይመዝናል።

ታዲያ ይህን የመሰለ መሣሪያ ለምን ችላ ተባለ? አንዱ መልስ በራሱ በሁቨር ጽሑፍ ርእስ ላይ ይነበባል። ርእሱ አስመሳዮችንና የአሠራር ስንፈት ያለባቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስሮ፣ ምልክቱን እነሱን «ማወቂያ» ይለዋል። መሣሪያው ሲወለድ ጀምሮ እንደ ወጥመድ ተያዘ። ሐኪሙ ምልክቱን ሲያገኝ «ደረስኩብሽ» የሚል ስሜት ይሰማዋል፤ ያገኘውንም በካርዱ ላይ ጽፎ ለታማሚዋ ሳይነግር ይወጣል። ከመምህር ወደ ተማሪ፣ ከስፔሻሊስት ወደ ኢንተርን የወረደው ይህ ስሜት ከየትኛውም የዕውቀት ጉድለት የባሰ ይመስለኛል። በቂ ዕውቀት ያለው ሐኪም እንኳ ታማሚውን ካላመነው ዕውቀቱ መድኃኒት አይሆንም።

በ2012 የኤድንብራው የነርቭ ሐኪም ጆን ስቶንና የለንደኑ ባልደረባው ማርክ ኤድዋርድስ ልማዱን የሚገለብጥ ሐሳብ አቀረቡ፦ ምልክቱን ለታማሚው አሳዩት። ደብቃችሁ አትያዙት፤ «ተመልከቺ፣ ኃይሉ ሲመለስ አየሽው? እግርሽ ይሠራል ማለት ነው» በሏት። ለወጥመድ ይውል የነበረው ምልክት በዚያች ቅጽበት የተስፋ ማስረጃ ይሆናል።

* * *

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ለመረዳት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ፓሪስ፣ ሳልፔትሪዬር ወደተባለው ግዙፍ ሆስፒታል መመለስ ግድ ይላል። በዘመኑ እጅግ የታወቀው የነርቭ ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ እዚያ ያስተምር ነበር። የባቢንስኪም መምህር እሱ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ በተማሪዎችና በእንግዶች ፊት ታማሚዎችን እያቀረበ ይመረምር ነበር። አንድሬ ብሩዬ በ1887 የሣለው ትልቅ ሥዕል ያንን ትዕይንት ይዞታል፦ አንዲት ሴት በሰው እጅ ላይ ተዝለፍልፋ፣ ወንዶች ተደርድረው ይመለከቷታል። ሥዕሉን ባየሁት ቁጥር ዓይኔ ወደ ሴትየዋ ይሄዳል። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ከእሷ በቀር ጥያቄ ሊጠየቅ የሚገባው ሰው አልነበረም።

ሻርኮ ሕመሙን ከአእምሮ ሕመም አልቆጠረውም። የነርቭ ሕመም ነው ብሎ ስላመነ ከሞቱ ታማሚዎች አንጎል ውስጥ ቁስሉን ፈለገ፤ አላገኘም። በ1885 ከቪየና ሊማር የመጣው ወጣት ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። በ1895 ከዮሴፍ ብሮየር ጋር ባሳተመው መጽሐፍ፣ ያልተነገረ የልብ ቁስል ተለውጦ በአካል ይገለጣል አለ። «ኮንቨርዥን» የሚለው ስም ከዚያ መጣ። ሻርኮ በ1893 ከሞተ በኋላ ሕመሙ ከነርቭ ሐኪሙ ክፍል ወጥቶ ወደ ሥነ አእምሮ ሐኪሙ ክፍል ተሻገረ፤ ብዙ ሳይቆይ ሁለቱም እጃቸውን ሰበሰቡ። የነርቭ ሐኪሙ «ፊልሙ ንጹሕ ነውና የእኔ አይደለም» ይላል፤ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ «የተጨነቀችበት ነገር አላገኘሁምና የእኔ አይደለም» ይላል። ታማሚዋ በሁለቱ በሮች መካከል ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረች። ከመቶ ዓመት በላይ እዚያው ተቀምጣለች ብል ማጋነን አይሆንም።

በ1965 ደግሞ በለንደን ክዊን ስኩዌር የነርቭ ሆስፒታል «ሂስቴሪያ» የተባሉ ሰዎችን ከዓመታት በኋላ የተከታተለው ኤሊየት ስሌተር፣ ብዙዎቹ ሌላ ከባድ ሕመም እንደተገኘባቸው፣ የሞቱም እንዳሉ ጻፈ። ስሙን ተዉት፤ የሐኪምን አለማወቅ መሸፈኛ ነው አለ። ጽሑፉ የሐኪሞችን ልብ አስደነገጠ። አንድ ትውልድ ሙሉ «ከተሳሳትኩስ?» ብሎ ስሙን ከመጥራት ተቆጠበ፤ በምትኩ ምርመራ በምርመራ ላይ ደራረበ። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ዕጢን ወይም መልቲፕል ስክሌሮሲስን «ጭንቀት ነው» ብሎ መመለስ ከባድ ጥፋት ነው። በ2005 ግን እነ ስቶን የ27 ጥናቶችን ውጤት አሰባስበው ሲመዝኑ፣ በ1950ዎቹ 29 በመቶ የነበረው የስሕተት መጠን በ1960ዎቹ ወደ 17 በመቶ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ወደ 4 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ይህ ከሌሎች የነርቭና የአእምሮ ሕመሞች የስሕተት መጠን ብዙም የሚለይ አይደለም። የስኮትላንዱ ጥናትም ምልክታቸው በበሽታ ሊብራራ ያልቻለ 1030 ሰዎችን አንድ ዓመት ተኩል ተከታትሎ፣ ሌላ ምክንያት የተገኘባቸው አራት ብቻ መሆናቸውን አሳየ። በጥንቃቄ የተመረመረ ሰው ላይ ይህን ስም መጥራት የሚያስፈራበት ዘመን አልፏል።

በ2013 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር አምስተኛውን የምርመራ መመሪያ ሲያወጣ ሁለት ነገር ለወጠ። ሐኪሙ ሕመሙን የሚሰይመው እንደ ሁቨር ያለ ምልክት በእጁ ሲያገኝ ነው፤ ፊልሙ ንጹሕ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ደግሞም ከሕመሙ በፊት የደረሰ የስሜት ጉዳት መገኘት ግዴታ መሆኑ ቀረ። ሁለተኛው ለታማሚዎች ትልቅ እፎይታ ነው። ከዚያ በፊት ሐኪሙ «ማን አስከፋሽ? ምን ደበቅሽኝ?» እያለ ይመረምር ነበር፤ መልስ ያጣችዋ ታማሚ ደግሞ የደበቀች ትመስላለች። የስሜት ጉዳት ያለባቸው ብዙዎች ናቸው፤ መጠየቅም ተገቢ ነው። ግን የሁሉም ታሪክ አይደለም። በ2009 የታተመ የጥናቶች ክለሳ እንዳሳየው 37 በመቶ በሚሆኑት ላይ ከሕመሙ በፊት የደረሰው አካላዊ ጉዳት ነበር፦ መውደቅ፣ መወለም፣ የመኪና አደጋ። ለአብነት ያነሣናት ወጣትም ሕመሟ የጀመራት በከባድ ራስ ምታት ነበር።

በአንጎል ውስጥስ ምን ይሆናል? በጨለማ ደረጃ ስትወርዱ የመጨረሻው ደረጃ ያለ መስሏችሁ እግራችሁ ሜዳውን የመታበትን ጊዜ አስታውሱ። መላ አካላችሁ ይደነግጣል። እግራችሁ የታዘዘው በነበረው መሬት ሳይሆን አንጎላችሁ በጠበቀው ደረጃ ነው። አንጎል ሁልጊዜ ቀድሞ እየገመተ ይሠራል፤ ከአካል የሚመጣው ወሬ ግምቱን ያርመዋል። ኤድዋርድስና ባልደረቦቹ በ2012 ያቀረቡት ማብራሪያ በዚህ ላይ ይቆማል፦ አንድ ሕመም ወይም ጉዳት «ይህ እግር አይሠራም» የሚል ግምት ይተክላል፤ ትኩረት ግምቱን ያጠነክረዋል፤ ከዚያ በኋላ ግምቱ ከአካል የሚመጣውን ወሬ መስማት ያቆማል። በ2010 የታተመ የአንጎል ምስል ጥናት ደግሞ፣ ከፈቃድ ውጭ በሚንቀጠቀጡ ሰዎች ላይ «ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ» የሚለው ስሜት የሚመነጭበት የቀኝ አንጎል ክፍል ሥራው ቀዝቅዞ አገኘው። ታማሚዋ «እኔ አይደለሁም የማንቀሳቅሰው» ስትል የምትነግረን እውነቷን ነው።

* * *

እስካሁን ያነሣሁት የሰነፈ እግር ነው። ጉዳቱ ከሁሉ የሚከፋው ግን በሚንዘፈዘፉት ላይ ነው። በ2002 የጀርመን የቦን ከተማ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ የሚጥል በሽታ የሚመስል ነገር ግን ያልሆነ መንዘፍዘፍ ያለባቸው ሰዎች ትክክለኛውን ስም እስኪያገኙ በአማካይ 7.2 ዓመት ወስዶባቸዋል። ይህ የሆነው የአንጎልን ኤሌክትሪክ ከቪዲዮ ጋር የሚቀርጽ ክፍል (ቪዲዮ ኢኢጂ) ባለበት አገር ነው። በነዚያ ዓመታት ታማሚው የማይረዳውን መድኃኒት ይውጣል፤ በድንገተኛ ክፍል ማስታገሻ በማስታገሻ ላይ ይወጋል፤ አንዳንዱ ትንፋሹ ቆሞ በጉሮሮው ቱቦ ይገባለታል። በ2020 ከሜልበርን የወጣ ጥናት የነዚህን ታማሚዎች የሞት መጠን ከቀረው ሕዝብ ጋር አስተያይቶ 2.5 እጥፍ ሆኖ አገኘው። «ምንም የለብህም» የተባለ ሰውም ይሞታል ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ሌላ ክብደት አለው። በፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት መሪነት በቡታጅራ ተደርጎ በ1990 የታተመው ጥናት ከአንድ ሺህ ሰው 5.2 የሚሆነው የሚጥል በሽታ እንዳለበት፣ ከነዚህ ታማሚዎች የታወቀ መድኃኒት ያገኘው ግን 1.6 በመቶ ብቻ እንደሆነ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የአገራችን የጤና ትምህርት «የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው፤ መድኃኒት አለው» ብሎ ብዙ ደክሟል፤ መድከሙም ተገቢ ነው። ነገር ግን በአንድ ጤና ጣቢያ የወደቀና የተንዘፈዘፈ ሰው ሁሉ የሚጥል በሽተኛ ከተባለ ፌኖባርቢታል ይጀመርለታል፤ ካልተሻለው መጠኑ ይጨመርለታል፤ አሁንም ካልተሻለው «መድኃኒቱን አልወሰድክም» ይባላል።

የሚጥል በሽታን ከአሠራር መታወክ መለያው በአብዛኛው ዓይን ላይ ነው። በሚጥል በሽታ ጊዜ ዓይን ብዙውን ጊዜ ክፍት ነው፤ በአሠራር መታወክ ጊዜ ግን በአብዛኛው ተጨፍኗል፤ ሊከፍቱት ሲሞክሩም ይጠብቃል። ራስ ከጎን ወደ ጎን ይመላለሳል፤ መንዘፍዘፉ ጋብ እያለ መልሶ ይነሣል፤ ከአምስት ደቂቃ አልፎ ሊሄድ ይችላል። አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩት ይችላል፤ ከአምስቱ አንዱ ያህል የሚጥል በሽታም አብሮ አለበት። ስለዚህ ሐኪሙ መድኃኒት ከማቆሙ በፊት ቀስ ይላል። ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ያወጣው መመሪያ፣ ቪዲዮ ኢኢጂ በሌለበትም ቢሆን የዓይን ምስክርን ቃልና የተቀረጸ ቪዲዮን ይዞ በደረጃ ወደ ውሳኔ መቅረብን ይፈቅዳል። ዛሬ ቤተሰብ ኪስ ውስጥ ስልክ አለ። አስታማሚው «ልጄ ሲጥለው ይህን ይመስላል» ብሎ የሚያሳየው የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከብዙ ኢኢጂ ወረቀት ይበልጣል፤ ሐኪሙ «ቀርጻችሁ አምጡልኝ» ማለትን ከለመደ።

* * *

የሥነ አእምሮ ስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2003፣ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ ደግሞ በ2006 ተጀምሯል። ከዚያ በፊት አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም በነዚህ ዘርፎች ስፔሻሊስት ለመሆን ባሕር ማዶ መሄድ ነበረበት። በሁለት ዐሥርት ዓመታት የተሠራው ሥራ ትልቅ ነው። ስፔሻሊስቶቹ ግን ቁጥራቸው ለሕዝቡ ጥቂት ነው፤ አብዛኞቹም ያሉት በአዲስ አበባ ነው። ስለዚህ የኛ ወጣት መጀመሪያ የምታገኘው ሰው የነርቭ ሐኪም አይደለም። የጤና መኮንን፣ ነርስ፣ ኢንተርን ወይም ጠቅላላ ሐኪም ነው። ሕመሙን የሚያውቀው ስፔሻሊስቱ ብቻ ከሆነ፣ ሕመሙን የሚያውቀው ሰው በመንገዱ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ጊደሯ ከተሸጠች በኋላ።

እኔ ከዚህ የምደርስበት ሐሳብ አንድ ነው። ሕክምናው ለሕዝቡ የሚደርሰው በሕንፃ ብዛት ሳይሆን፣ በመጀመሪያው በር ላይ ያለው ሰው በሚማረው ነገር ነው። የባቢንስኪ ምልክት በሚማርበት ቀን የሁቨር ምልክት አብሮ ይሰጠው። ጉዳዩ የአንድ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ነው። በ2010 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ፣ ኤምኤች ጋፕ፣ ስፔሻሊስት ያልሆኑ የጤና ሠራተኞች የሚጥል በሽታንና የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ አድርጓል፤ በኢትዮጵያም በጉራጌ ዞን በሶዶ ወረዳ በተግባር ተሞክሯል። የሚጥል በሽታ በጤና ጣቢያ ሊታከም ከቻለ፣ የሚጥል በሽታ መስሎ የሚመጣውን መለየት ከዚያው ትምህርት ጋር ሊሄድ ይችላል።

አንድ ነገር ግን በውጭ መጽሐፍ አይገኝም፤ ራሳችን መጻፍ አለብን። አንድ ሰው አንደበቱ ሲያዝ ወይም ሲንዘፈዘፍ ቤተሰቡ የሚያስበው ስለ ነርቭ አይደለም። ስለ መንፈስ፣ ስለ ዛር፣ ስለ ቡዳ፣ ስለ ሰው እጅ ያስባል። በ1997 የእስራኤል ሐኪሞች ከኢትዮጵያ የገቡ ስደተኞች በዛር ተይዘናል ብለው ሲመጡባቸው፣ ይህን እንደ ሕመም እንየው ወይስ እንደ ባህል ብለው በሳይንስ መጽሔት ላይ ለመጻፍ ተገድደዋል። ዛር የሚባለው ሁሉ የነርቭ አሠራር መታወክ ነው አልልም፤ ሕይወትን ለመግለጽ ሰው የሚጠቀምበት ቋንቋ ከአንድ ሕመም ይሰፋል። ነገር ግን ሐኪሙ «ጠበል ሄዳችሁ ነበር?» ብሎ በአክብሮት ካልጠየቀ ግማሹን ታሪክ ያጣል። ቤተሰቡን ያሳፈረ ሐኪምም ታማሚዋን ለሁለተኛ ቀጠሮ አያገኛትም።

* * *

ከስሙ በኋላ ሕክምናው አለ? አለ፤ ግን ማጋነን አይገባም። በኖርዌይ በ2014 በታተመ ጥናት አረማመዳቸው የተበላሸ 60 ሰዎች የሦስት ሳምንት የተኝቶ ማገገሚያ ሥልጠና አግኝተው በግልጽ ተሻሽለዋል፤ ለውጡም ከዓመት በኋላ አብሯቸው ነበር። በእንግሊዝና በስኮትላንድ 11 ሆስፒታሎች 355 ሰዎችን ያሳተፈው የ2024ቱ ጥናት ግን፣ ልዩ ፊዚዮቴራፒ ከተለመደው ፊዚዮቴራፒ በዋናው መለኪያ እንደማይበልጥ አሳየ፤ ልዩውን ያገኙት «ተሽሎኛል» ማለታቸው ግን በዝቷል። ለሚንዘፈዘፉት በንግግር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና የሞከረው የ2020ው ጥናትም፣ በ368 ሰዎች ላይ፣ የመንዘፍዘፉን ቁጥር በዋናው መለኪያ መቀነስ አልቻለም፤ የኑሮአቸውን ጥራት ግን አሻሽሏል። ሁሉን የሚፈታ ሕክምና ገና አልተገኘም። ለአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ደግሞ ልዩውም ተራውም ፊዚዮቴራፒ ሩቅ ነው።

የፊዚዮቴራፒው ጥበብ ራሱ ከሁቨር ምልክት ይወጣል። ትኩረት ከእግሩ ላይ ሲነሣ ኃይሉ ይመለሳልና፣ ሥልጠናው ትኩረቱን ሌላ ቦታ ይወስዳል፦ ወደ ኋላ መራመድ፣ በዘፈን ምት መራመድ፣ ኳስ እየቀለቡ መራመድ። ወደ ፊት አንድ እርምጃ ያቃተው ሰው ወደ ኋላ አሥር ሲሄድ ማየት ለቤተሰብ እንግዳ ነገር ነው። ትርጉሙን ቀድሞ ካልነገሯቸው «አይ፣ ስትዋሽ ነበር» ይላሉ። ስለዚህ ንግግሩ ከሥልጠናው ይቀድማል።

የንግግሩም ቃላት ይመዘናሉ። በ2002 የኤድንብራ ሐኪሞች 86 የነርቭ ክሊኒክ ታካሚዎችን ጠይቀው፣ የትኛው ስም ስንቱን እንደሚያስቀይም ቆጠሩ። «ሁሉም በጭንቅላትህ ያለ ሐሳብ ነው» የሚለው ከሁለት ሰው አንዱን ሲያስቀይም፣ «የአሠራር ስንፈት» የሚለው ያስቀየመው ከዘጠኝ አንዱን ነው። በአማርኛ እንዲህ ያለ ቆጠራ ቢደረግ «ምንም የለብሽም» ስንቱን እንደሚያስቀይም መገመት አያዳግትም።

ወደ ወጣቷ እንመለስና ሐኪሙ ሌላ ቃል ይምረጥ። ፊልሙን ያስቀምጥና ከአልጋዋ አጠገብ ይቀመጥ። «እህቴ፣ ሕመምሽን አግኝቼዋለሁ። እውነተኛ ሕመም ነው፤ እንዳላስመሰልሽ አውቃለሁ። አንጎልሽና እግርሽ መነጋገር አቅቷቸዋል፤ በመካከላቸው ያለው መስመር ግን አልተበጠሰም። አሁን አሳይሻለሁ። እናቴ፣ እርስዎም ጠጋ ይበሉ፤ አንተም ወንድሜ ና።» ከዚያ እጁን ከተረከዟ ሥር ያገባል። «ቀኝሽን አንሺ።» እናት ጎንበስ ብለው የልጃቸው ግራ ተረከዝ የሐኪሙን እጅ ሲጫን ያያሉ። ወንድሟ «እኔም ልንካው?» ይላል፤ ሐኪሙም ቦታውን ይለቅለታል።

ለጤና ጣቢያው በሚመለሰው ወረቀት ላይ፣ ድሮ «ኤምአርአይ ኖርማል» ተብሎ በሚያበቃው ቦታ፣ አንድ መስመር ይጨመራል፦ «የነርቭ አሠራር መታወክ። የሁቨር ምልክት በግራ እግር ተገኝቷል። ለታማሚዋና ለቤተሰቧ በማሳየት ተብራርቷል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ትመለስ።»